የአበልጄን ሬዲዮ ያስተካከልኩበት ቀን

ሰው የሚኮራበት ነገር ሲያጣ በብረት ሣጥንም ይኮራል። እኔ ነገሌ ቦረና በጦር ሰፈሩ የሬዲዮ ጠጋኝ ሆኜ በኖርኩባቸው ዓመታት፣ ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ ከማዕረጌም ከደመወዜም በላይ የምኮራበት አንድ አሮጌ ሣጥን ነበረኝ። ዛሬ ስለ እርሱ የምጽፈው ልኩራራ ብዬ አይደለም። አንድ ሰው ስለሞተብኝ፣ ከሞተም በኋላ ስሙን ስላጠፋሁት ነው።

ሣጥኑን ያገኘሁት በዕቃ ግምጃ ቤቱ ጥግ፣ ከተሰባበሩ አልጋዎችና ከተቀዳደዱ ድንኳኖች ሥር ነው። ጣሊያን ሲባረር ጥሎት የሄደ ነው አሉኝ። ፊቱ ላይ የጣሊያን ጽሑፍና የሰዓት ፊት የመሰለ የቁጥር ማሳያ አለው፤ ሆዱ ውስጥ አይጥ ወልዳበታለች። ግምጃ ቤት ጠባቂው «ውሰደው፣ ለእኔ ቦታ ነው የያዘብኝ» ብሎ አስፈረመኝና ተሸክሜው ወጣሁ።

ምን እንደሚሠራ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ሬዲዮ ሲያረጅ ጣቢያ መፈለጊያው ይዘባል። ቁጥሩ ላይ ስታደርገው ጣቢያው እዚያ የለም፤ ቢኖርም ከወንዝ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ነው። ለማቃናት አንድ የታወቀ ድምፅ ያስፈልጋል። ያ ሣጥን በፈለግኸው ቁጥር ላይ ሳያቋርጥ የሚያፏጭ መሣሪያ ነው። አንተ የሬዲዮውን ሆድ ከፍተህ፣ ጥቃቅን ብሎኖቹን በካቻቢቴ እያዞርክ፣ ፉጨቱ በጣም የሚጎላበትን ቦታ ትፈልጋለህ። ሲጎላ ትተዋለህ። ሣጥኑ በዚህ ቁጥር ላይ ነኝ ካለ በእርግጥም እዚያው መሆን አለበት እንጂ፣ ከዋሸ ሬዲዮው ውሸቱን ተቀብሎ ይቀመጣል። ይህን ከማንም በፊት የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ነገር ግን ሣጥኑ የተሠራው ለሌላ ዘመን ሬዲዮ ነበር። የውስጥ አምፖሎቹ ሞተዋል፤ ምትካቸው ነገሌ ቀርቶ አዲስ አበባም አይገኝም። አንድ የሻኪሶ ወርቅ ነጋዴ ከበቅሎ ላይ የወደቀ ሬዲዮ አምጥቶልኝ ነበር፤ አይሠራም ብዬ ሬሳውን አስቀረሁና አምፖሎቹን ወሰድኩ። እግራቸው ከሣጥኑ መቀመጫ ጋር አልገጥም ቢለኝ እያንዳንዷን እግር በሽቦ በየድኩ። በከተማው መብራት የሚመጣው ሲመሽ ስለሆነ በመኪና ባትሪ እንዲሠራ አደረግሁት። ፉጨቱ እኛ የምንሠራበት ቁጥር ድረስ አይደርስም ነበርና፣ የሣጥኑ ልብ የሆነውን የመዳብ ጥቅል ፈትቼ፣ ዙሩን አሳንሼ በእጄ ጠመጠምኩት። ከዚያ በኋላ የፋብሪካው ቁጥር ትርጉም አልነበረውም። ላዩ ላይ ወረቀት ለጥፌ፣ የሰፈራችንን መላኪያና የአዲስ አበባን ጣቢያ እያዳመጥኩ፣ የራሴን ምልክት በእርሳስ አንድ በአንድ ጻፍኩ። ሦስት ወር ፈጀብኝ። ሚስቴ «ጣውንት አመጣህብኝ» ትለኝ ነበር።

የጠመጠምኩት ሽቦ ከቦታው ንቅንቅ ማለት የለበትም። ፀጉር ታህል ቢላወስ ፉጨቱ ቁጥሩን ይለቃል። ለዚህ የሚሆን ቫርኒሽ አለ፤ ግምጃ ቤቱን ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ፣ ሦስቴም የለም አሉኝ። እኔ የደጋ ሰው ነኝ። እኛ አገር የተሰነጠቀ ቅልም፣ የላላ የቢላ እጀታም በሰም ይያዛል፤ ሰም የማይዘው ነገር ያለ አይመስለንም። ሚስቴ ለገብርኤል ያስቀመጠችውን አንድ እስር ጧፍ ወስጄ፣ አቅልጬ ጥቅሉ ላይ አፈሰስኩት። በነገሌ ጠዋት እንደ ጠጠር ደረቀ። በካቻቢቴ ጫፍ ብነካካው አይነቃነቅም። በጣም ደስ አለኝ።

ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ የእኔ ግን በአፍ ነበር። ሣጥኑን «አፏጪው» ብዬ ስም አወጣሁለት። ከወደራ አስተማሪው፣ ከሻኪሶ ነጋዴው፣ ከከተማው ዳኛው ሬዲዮ እያስያዙ ይልኩልኝ ጀመር። አልሠራም ያለውን ሁሉ አፏጪው ፊት አስቀምጬ አስተካክዬ ስመልስ፣ «ይህ ሣጥን ዋሽቶ አያውቅም» እል ነበር። የሬዲዮ ክፍሉ ሻምበል ሳይቀር እንግዳ ሲመጣበት ወደ ክፍሌ ይዞ እየመጣ ያሳየው ነበር።

አንድ በጋ ከሻምበሉ ትዕዛዝ መጣ። በቆላው ኬላ ያሉ ወታደሮች በመንግሥት ሬዲዮ ከድንበር ማዶ ዘፈን ያዳምጣሉ የሚል ወሬ ደርሶታል። ስለዚህ ሁለቱ የታች ኬላዎች ሬዲዮ በሰፈሩ ቁጥር ላይ ብቻ እንዲስተካከል፣ ከዚያ ማዞሪያው ተነቅሎ እንዲወሰድና ሬዲዮው በእርሳስ ብረት ማኅተም እንዲታሸግ ወሰነ። ማኅተሙን የሰበረ ይታሰራል። ሠሪው እኔ ነኝ። አፏጪውን በጂፕ ጭኜ፣ ከአንድ ሹፌርና ከሁለት አጃቢ ጋር ወረድኩ።

በመጀመሪያው ኬላ አመሻሽ ላይ ደርሰን አደርን። ጎህ ሲቀድ፣ ገና ብርድ ሳለ፣ ሬዲዮውን አስተካከልኩ። ሰፈሩ ኬላዎቹን የሚጠራው በቀን ሁለት ጊዜ ነው፦ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓትና ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት። የጠዋቱን ጥሪ እዚያው ቆሜ ሰማሁ፤ የጠሪው ሳል እንኳ ሳይቀር ጥርት ብሎ ገባ። ማዞሪያውን ነቅዬ፣ አሽጌ፣ እያፏጨሁ ጂፑ ላይ ወጣሁ።

ሁለተኛው ኬላ ከዱብሉቅ ወዲያ ነው። በድንጋይና በአቧራ ስንንገጫገጭ አርፍደን ስድስት ሰዓት ሲሆን ደረስን። ዛፍ የለም። ጂፑ ላይ ያለውን ብረት በባዶ እጅ መንካት አይቻልም ነበር። እዚያ ዘጠኝ ሰዎች አሉ፤ ውሃቸው በሳምንት አንድ ጊዜ በቦቴ ይመጣል። የቦረና ሰዎች ከብት የሚያጠጡበት ኤላ፣ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ፣ ግማሽ ቀን በእግር ያስኬዳል። የኬላው ድምፅ መላኪያ ከተበላሸ ከርሟል፤ መለዋወጫ እስኪመጣ መስማት እንጂ መናገር አይችሉም።

የኬላው ሬዲዮ ሠራተኛ አበልጄ ነው። አሥር አለቃ ነው፣ የወሎ ልጅ፤ ወንድ ልጁን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ዝግ ያለ፣ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ የሚያይ፣ ሻይ ሲጠጣ እንኳ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ የሚመረምር ሰው ነበር። በዚህ ጠባዩ ስቀልድበት ኖሬያለሁ። ሲያየኝ እንደ ሕፃን ደስ ብሎት ከቀረችው ውሃ ቀድቶ ሰጠኝ።

አፏጪውን ከጂፑ ላይ ሳወርድ ቆዳው ያቃጥላል። በጨርቅ ይዤ አስገባሁት። ባትሪውን አገናኘሁ፣ ፉጨቱ መጣ፣ የሬዲዮውን ብሎኖች እያዞርኩ አጎላሁት። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ወዲያው ማዞሪያውን ነቀልኩ። በማኅተም ከማሸጌ በፊት አበልጄ እጄን ያዘኝ።

«አበልጄ፣ የማታውን ጥሪ አብረን ሰምተን ብታሽገው ምን አለበት?»

«እስከ አሥራ ሁለት ልቆይልህ? ሹፌሩ በጨለማ መንዳት ፈርቷል፤ ሽፍታ አለ ይላሉ።»

«እደር። ነገ ትሄዳለህ።»

«ፉጨቱን አልሰማህም? ግድግዳውን ሊሰነጥቅ ነው እኮ።»

«ሰማሁ። ያ ግን የሣጥንህ ድምፅ ነው፤ የሰፈር ድምፅ አይደለም።»

ይህን ሲለኝ ሹፌሩ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። «ይህ ሣጥን ዋሽቶ አያውቅም፤ አንተ ቅዱስ ቁርባንም ቢሰጡህ ወደ ብርሃን አንስተህ ታየዋለህ» አልኩት። እሱም አፈረና ፈገግ አለ። «እሺ፣ አንተ ካልክ» አለኝ። አሸግሁት። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይሉኝ ነበር የዚያን ቀን ቢያዩኝ፤ ግን ሣርም አልነበረም፤ ሰው ፊት ትንሽ መስሎ ላለመታየት ብቻ ነው።

ነገሌ ተመልሼ አፏጪውን መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። በዚያ ሳምንት የውሃው ቦቴ መንገድ ላይ ዘንጉ ተሰበረ። ሁለተኛ ቦቴ የለም። ሻምበሉ በሬዲዮ ትዕዛዝ አስነበበ፦ ውሃ አይመጣም፤ ኬላውን ለቃችሁ ወደ ኤላው ሂዱ፤ እዚያ ጠብቁ። ጠዋትም ማታም ተነበበ። አንዱን ጊዜ እኔም በር ላይ ቆሜ ሻይ እየጠጣሁ ሰምቼዋለሁ። ኬላው መልስ መስጠት ስለማይችል ዝምታው ማንንም አላሳሰበም። ሰምተው ሄደዋል ብለን ቁጭ አልን።

አልሰሙም። አምስት ቀን ጠበቁ። ያለ ትዕዛዝ ኬላ የለቀቀ ወታደር ምን እንደሚጠብቀው እናውቃለን፤ ለዚህ ብለው የመጨረሻዋን ውሃ በቆርኪ እየለኩ ተቀመጡ። በአምስተኛው ቀን የኬላው አለቃ ተስፋ ቆርጦ ሰባቱን ይዞ ወጣ። አበልጄ አልሄደም። ጥሪ ቢመጣ የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል ብሎ ሬዲዮው ዘንድ ቀረ። ከስምንቱ አራቱ መንገድ ላይ ወድቀው ቀሩ። አራቱን የቦረና ከብት ጠባቂዎች አግኝተው በግመል ጭነው ኤላው ዘንድ አደረሷቸው። አበልጄን ከሁለት ቀን በኋላ ሲደርሱበት ማዳመጫው ከጆሮው አልወረደም ነበር።

የተረፉትን እስከ ነገሌ ይዟቸው የመጣው አንድ የቦረና ሽማግሌ ነው። ክሊኒኩ በር ላይ አገኘሁት። «አካም፣ ናጋ?» ብሎ ደህንነቴን ጠይቆ እጄን ያዘኝ። ሽማግሌው ግን ወደ ውስጥ፣ ወደ በሽተኞቹ እየጠቆመ ይናደድ ነበር።

«ቢሻን፣ ውሃ፣ አለ እኮ! ከብት የሚጠጣ ውሃ ለሰው ይጠፋል? ለምን ቁጭ አሉ?»

«ትዕዛዝ አልደረሳቸውም፣ አባቴ» አልኩት።

«ውሃ ለመጠጣት ትዕዛዝ?» አለና፣ እኔ ላይ አፍጥጦ ቆይቶ፣ በኦሮምኛ ለራሱ አንድ ነገር እያጉረመረመ ሄደ።

ከተረፉት አንዱን ጠጋ ብዬ ጠየቅሁት። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። ሬዲዮው ከሄድኩበት ማታ ጀምሮ ምንም ድምፅ እንዳልሰጠ ነገረኝ። ማኅተሙን ሰብረን በፒንሳ እናዙረው ብለው ለምነውት ነበር። አበልጄ እምቢ ብሏል። «ይህን ያስተካከለው አበልጄ ነው። ሬዲዮው ደህና ነው፤ ዝም ያሉት እነሱ ናቸው» ብሎ።

በማግስቱ ሬዲዮውን አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ሻምበሉ ራሱ መጣ። ፊቱ ገርጥቷል፤ ከበላይ ጥያቄ መጥቶበታል። «ይሠራል ወይስ አይሠራም? ነገ ጠዋት አንድ ቃል ጽፈህ ታመጣልኛለህ» ብሎኝ ወጣ።

በሩን ዘጋሁ። ማኅተሙን ሰብሬ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ፤ ያንኑ ማዳመጫ። የአሥራ ሁለት ሰዓቱ ጥሪ ሰዓት ደረሰ። የሰፈሩ መላኪያ ከክፍሌ ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም፤ ጆሮዬ ውስጥ ግን ዝም ነው። ማዞሪያው በተነቀለበት ዘንግ ላይ ፒንሳ አደረግሁና በትንሹ፣ በጣም በትንሹ አዞርኩት። የጠሪው ድምፅ ጆሮዬን ሊያደነቁረኝ ደረሰ። ግማሽ ጣት እንኳ አልሞላም፤ አበልጄን ከውሃ የለየችው እሷው ናት።

አፏጪውን ከመደርደሪያው አውርጄ ከፈትኩት። ሰሙ ቀልጦ ወርዶ በሣጥኑ ወለል ላይ ረግቷል። ጥቅሉ ራቁቱን ቀርቷል፤ ዙሮቹ ላልተው አንዱ በአንዱ ላይ ተዛንፈዋል። የደጋ ሰም ቆላ ሲወርድ፣ በጋለ ብረት ውስጥ፣ በጋለ አምፖል አጠገብ ሲውል ምን እንደሚሆን አስቤ አላውቅም ነበር። ቆላ የሚኖር ማንኛውም ማር ቆራጭ ይነግረኝ ነበር። አልጠየቅሁም።

እዚያ ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ግን ለእሱ ብቻ አልነበረም፤ ለራሴም ፈርቼ ነው። እስር ቤቱ ታየኝ፣ ማዕረጌ ሲገፈፍ ታየኝ፣ ከሁሉም በላይ ያ ሁሉ ሰው «ይህ ነው እንግዲህ የማይዋሸው ሣጥን» ሲል ታየኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ አለ ሰውዬው። ተነሣሁ፣ ካቻቢቴዬን ያዝኩ፣ ሬዲዮውን እንደ ገና በሰፈሩ ድምፅ ላይ አስተካከልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ሬዲዮ አሣምሬ ያስተካከልኩት የለም። ጠዋት ለሻምበሉ ወረቀቱን ሰጠሁት። «ተፈትሿል። ደህና ይሠራል» ይላል፤ ፊርማዬ አለበት። ሻምበሉ ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ትንፋሹን ለቀቀ፣ ምንም ሳይጠይቀኝ ኪሱ ከተተው። የጠረጠረ ይመስለኛል። ማዞሪያውን ያስነቀለው እሱ ነውና አልጠየቀም።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው ነገሩ። መርማሪዎቹ ትዕዛዙ መነበቡን አረጋገጡ፣ ሬዲዮው መሥራቱን አረጋገጡ፤ እንግዲህ የቀረው ሰሚው ነው። ከተረፉት አንዱ «ማዳመጫው ከጆሮው ወርዶ አያውቅም» ብሎ መሰከረለት። «ማዳመጫ አድርጎም ይተኛል» ተባለ። በሥራው ላይ በመተኛት ትዕዛዝ ሳይቀበል ቀርቶ ለአራት ጓዶቹ ሞት ምክንያት ሆነ ተብሎ ተጻፈ። የሞተ ተጎዳ። ሚስቱ የሰፈሩን ቤት በወር ውስጥ እንድትለቅ ተነገራት።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሦስቱንም ቀን ተቀምጫለሁ። ሰው ወደ እኔ እየመጣ «እግዜር ያጽናህ» ይለኝ ነበር። ከሌሎቹ ከአራቱ ሟቾች ቤት ግን ማንም ሊያለቅስ አልመጣም። ሚስቱ በየሰዓቱ በሩን ስታይ አያት ነበር።

የምትሄድበት ቀን፣ ወደራ ድረስ የሚወስዳት የጭነት መኪና መንገድ ዳር ቆሞ ሳለ፣ ወደ ክፍሌ መጣች። ጥቁር ለብሳለች፣ ፀጉሯን ተላጭታለች፤ የክርስትና ልጄን አዝላዋለች። ቁጭ በይ ብላት እምቢ አለች።

«አበልጄ፣ እርስዎ ሬዲዮ ያውቃሉ። እውነቱን ይንገሩኝ፣ አልቀየምም። ተኝቶ ነበር?»

ካቻቢቴው እጄ ላይ ነበር። «እዚያ አልነበርኩም» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «እንቅልፉ ከባድ ነበር። ቤት ሲሆን እኔ ነበርኩ የምቀሰቅሰው። እዚያ በረሃ ማን ይቀስቅሰው?» አለች። ይህን ያለችው ራሷን እየወቀሰች እንደሆነ ገባኝ።

«የሟቾቹ ቤት በየደጃቸው ሄጄ ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ ለምኜለታለሁ። ሁለቱ ይቅር ብለውታል፣ ሁለቱ በሩን ዘጉብኝ። የቀሩኝ እርስዎ ነዎት። ያን ያህል መንገድ ወርደው፣ በዚያ ሐሩር ሬዲዮውን አበጅተውለት፣ ልፋትዎን መና አስቀረው። ይቅር ይበሉት።»

ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ልጁ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። የመኪናው ጥሩምባ ተነፋ።

«ይቅር ብዬዋለሁ» አልኳት።